ዝማሬው ላይ ምንም አይሰማኝም፣ ወንበር መደርደር ግን ደስ ይለኛል

የኋላ_ወንበር
ሰላም ለሁላችሁ። በቀጥታ ልግባ። ቤተ ክርስቲያን አዘውትሬ እሄዳለሁ። ቀድሜ ደርሼ ወንበር እደረድራለሁ፣ ሲያልቅም እሰበስባለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ደስ ብሎኝ ነው። ችግሩ መሃል ላይ ያለው ሰዓት ነው። ዝማሬው ሲጀመር ዙሪያዬ ያለው ሰው እጁን ያነሳል፣ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይንበረከካል፣ እኔ ደግሞ ቆሜ ግጥሙን አነባለሁ። ውስጤ ጭጭ። እግዚአብሔር እንደሚወደኝ አምናለሁ። «ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቶአልና» የሚለውን ሮሜ 5፥8 በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ተጠራጥሬውም አላውቅም። አይሰማኝም እንጂ። አንድ ጓደኛዬ «ልብህ ደንድኗል፣ ንስሐ ግባ» አለኝ። ከምን ብዬ ስጠይቀው «እሱን አንተ ታውቃለህ» ብሎኝ አረፈው። ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ፦ በአምልኮ ሰዓት ምንም የማይሰማው ሰው እያመለከ ነው ወይስ እያስመሰለ?

ተራ_ምእመን
ወንድሜ፣ ጓደኛህ ቸኩሏል። መዝሙረ ዳዊትን ክፈት፤ ሲሶ የሚሆነው እሮሮ ነው። በተለይ መዝሙር 88ን (በሌላው አቆጣጠር 87) ለብቻው አንብበው። አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙሮች መጨረሻቸው አካባቢ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይሄኛው አይዞርም፣ ጨለማ ላይ ነው የሚያልቀው። ያም ሆኖ ማንም ከመጽሐፉ አላወጣውም፣ ሲዘመር ነው የኖረው። ሰውየው ምንም መልስ ሳያገኝ «የመድኃኒቴ አምላክ» እያለ ይጮኻል። ይሄ አምልኮ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ቆራጥ
እኔ ልቃወም፣ ቅር አይበላችሁ። «ስሜት አያስፈልግም» የሚለው ነገር ምቾት ሆኖብናል። ማርታ ስትባክን ማርያም እግሩ ሥር ተቀምጣ ትሰማ ነበር፤ ጌታም መልካሙን ድርሻ መረጠች ያለው ማርያምን ነው (ሉቃስ 10)። ወንበር መደርደር ጥሩ ነው፣ ማንም ሊሠራው ይችላል፣ ያላመነ ሰውም ጭምር። አምልኮ ግን ፊት ለፊት ነው። እጅህ ሥራ ሲይዝ ደስ የሚልህና ባዶ እጅህን እግዚአብሔር ፊት ስትቆም የሚጨንቅህ ከሆነ ለምን እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። ምናልባት እየሸሸህ ይሆናል።

የኋላ_ወንበር
@ቆራጥ ይሄ ሐሳብ እኔም ጋ መጥቷል፣ ስለዚህ አልቆጣም። ግን እኔ አይጨንቀኝም። ቃሉ ሲሰበክ እሰማለሁ፣ ማስታወሻ እይዛለሁ፣ ጸሎት ላይም አሜን እላለሁ ከልቤ። የማይሰማኝ ያ ሁሉም ሰው የሚያወራለት ሙቀት ነው። ወንበር ስደረድር ደግሞ «እዚህ ጋ እነዚያ አረጋዊ ይቀመጣሉ፣ በሩ እንዳይርቃቸው» እያልኩ ነው። «ይቺ እናት ልጇን ይዛ ስለምትወጣ ዳር ይሁንላት» እላለሁ። እያንዳንዱን ሰው አስባለሁ ማለት ነው። ያን ሰዓት ነው እግዚአብሔር ቅርብ የሚመስለኝ። ይሄ መሸሽ ነው?

የልጆች_አያት
ልጄ፣ መሸሽ አይደለም። እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ሳስተምር ነው ያረጀሁት፤ ሰው ሲሸሽ አውቀዋለሁ። የሚሸሽ ሰው ማን የት እንደሚቀመጥ አያስብም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለቤቴን የቀበርኩ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን እመጣ ነበር፣ አፌ ግን አይከፈትም። መዝሙሩ የማውቀው፣ የምወደው፣ ድሮ እኔ ራሴ ሳስጀምረው የኖርኩት ነው። አልወጣ አለኝ። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ድምጿ ሻካራ ነው፣ ዜማውን ትስታለች፣ ሌላ ጊዜ ታናድደኝ ነበር። በቃ እሷ ስትዘምር እኔ ውስጥ ውስጡን «አዎ፣ እንደሷ» እል ነበር። ያን ወራት እሷ ዘመረችልኝ። አብሮ መዘመር ለዚህም ይመስለኛል የተሰጠን። እኔ የማልችል ቀን ሌላው ይችላል፣ እሱ የማይችል ቀን ደግሞ እኔ። ሁሉም ሰው በየሳምንቱ እኩል እንዲግል ከጠበቃችሁ የታመመና ያዘነ ሰው የት ይቁም?

የኋላ_ወንበር
እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር።

መጽሐፍ_ወዳጅ
ረዥም ልጽፍ ነው፣ ይቅርታ። እማማ የጀመሩት ሐሳብ ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ነው።

የጥንቶቹ ክርስቲያኖች እሑድ ምን ያደርጉ እንደነበር በጣም ግልጽ ካደረጉልን ሰዎች አንዱ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ155 ገደማ ሮም ሆኖ ለንጉሠ ነገሥቱ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ይዘረዝረዋል። የከተማውም የገጠሩም ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ጊዜ እስከፈቀደ ድረስ የሐዋርያት ማስታወሻ ወይም የነቢያት መጻሕፍት ይነበባሉ። መሪው ይመክራል። ሁሉም ተነሥተው ይጸልያሉ። ኅብስቱና ወይኑ ይቀርባል፣ ሕዝቡ አሜን ይላል። ከዚያ በኋላ ያለችውን ነገር ነው የምወዳት፦ ዲያቆናቱ ከተባረከው ላልመጡት ሰዎች ይዘው ይሄዳሉ። ያለውም ሰው የወደደውን ያህል ይሰጣል፣ የተሰበሰበው መሪው ዘንድ ይቀመጣል፣ እሱም ወላጅ የሌላቸውን፣ መበለቶችን፣ የታመሙትን፣ የታሰሩትንና እንግዶችን ይረዳበታል።

ልብ በሉ፣ ዮስጢኖስ «አምልኳችን ይሄ ነው፣ በጎ አድራጎታችን ደግሞ ያ ነው» ብሎ ሁለት ምዕራፍ አላደረገውም። ንባቡ፣ ስብከቱ፣ ጸሎቱ፣ ቁርባኑ፣ የቀረው ሰው ቤት መሄዱ፣ የታሰረውን መርዳቱ አንድ ትንፋሽ ላይ ነው የተጻፈው። ማን እንዳልመጣ ማወቅ የእሑዱ ሥርዓት ውስጥ የገባ ነገር ነበር! ስሜታቸው ምን ይመስል እንደነበር ግን አንዲት መስመር የለም። አይሰማቸውም ነበር ለማለት አይደለም፣ መለኪያቸው እሱ አልነበረም ለማለት ነው።

ደግሞ 1ኛ ቆሮንቶስን ውሰዱ። ምዕራፍ 13ን ሁላችንም የሠርግ ጥቅስ አድርገነዋል። እስቲ ከፊቱና ከኋላው ያለውን እዩ። 12 ስለ ጸጋ ስጦታዎች ነው። 14 ጉባኤ ላይ ማን ይናገር፣ ማን ዝም ይበል የሚል የሥርዓት ጉዳይ ነው። ጳውሎስ ፍቅርን መሃላቸው ያስቀመጠው ስለ ሙሽሮች አስቦ አይደለም፤ አምልኳቸው እየጮኸ ፍቅር ያጣባቸውን ሰዎች እየገሠጸ ነው። ከዚያ በፊት ምዕራፍ 11 ላይ ችግሩን በግልጽ ነግሯቸዋል፦ ለጌታ እራት ተሰብስበው አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይሰክራል፣ ምንም የሌላቸው ያፍራሉ። እና ምን አላቸው? የምትበሉት የጌታን እራት አይደለም አላቸው። ሥርዓቱ ጎድሎ አይደለም። ጎረቤት ተርቦ ነው።

ስለዚህ @የኋላ_ወንበር፣ አረጋዊው በር አጠገብ እንዲቀመጡ የምታስበው ነገር ከአምልኮው በፊት ያለ ዝግጅት ብቻ አይመስለኝም።

ቆራጥ
ጥሩ ጽሑፍ ነው። ግን አሁንም አንድ ነገር ያሰጋኛል። በዚህ አካሄድ ቤተ ክርስቲያን የመረዳጃ ማኅበር ትሆናለች። ታላቂቱና ፊተኛይቱ ትእዛዝ «ጌታ አምላክህን ውደድ» ናት፣ ባልንጀራህን ውደድ ሁለተኛዋ ናት። ቅደም ተከተሉን ጌታ ራሱ ነው ያስቀመጠው። ሐዋርያትም ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ የእግዚአብሔርን ቃል ትተን ማዕድ ልናገለግል አይገባንም ብለዋል። ማዕዱን ለሌላ ሰው ነው የሰጡት።

መጽሐፍ_ወዳጅ
@ቆራጥ ሐዋርያት ሥራ 6ን ስላነሳህ ደስ አለኝ። ለማን ሰጡት? ለተረፈ ሰው አልሰጡትም። መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው፣ በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች ተፈለጉ። ለማዕድ እኮ ነው! ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። ከነሱ አንዱ እስጢፋኖስ ነው፣ የመጀመሪያው ሰማዕት። ሌላው ፊልጶስ ነው፣ ሰማርያ ወርዶ የሰበከው። ነገሩ የተነሣውም የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በየዕለቱ አገልግሎት ችላ ስለተባሉ ነው። ቤተ ክርስቲያን ገና ጨቅላ ሳለች ሊከፍላት የነበረው ጉዳይ «ማን ተረሳ?» የሚል ነበር።

በቅደም ተከተሉ ግን እስማማለሁ። እግዚአብሔርን መውደድ ይቀድማል። ጥያቄው በምን ይታወቃል ነው። 1ኛ ዮሐንስ 4፥20 ያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን ሊወድ እንዴት ይችላል ይላል።

አዲስ_መጣሁ
እስካሁን አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ይሄ ክር ግን ነካኝ።

አንድ ትልቅ ጉባኤ ውስጥ ለወራት ተመላልሻለሁ። ዝማሬው ግሩም ነው፣ አዳራሹ ሙሉ ነው። «አጠገብህ ያለውን ሰላም በል» ሲባል ሰው ይዞርና ሰላም ይላል፣ እጅህን ሳይለቅ ዓይኑ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ሲያልቅ ሁሉም ከሚያውቀው ጋር ክብ ሠርቶ ይቆማል። እኔ ስልኬን እንደማይ ሰው ሆኜ እወጣለሁ። መድረኩ ላይ ስለ እግዚአብሔር ፍቅር በየሳምንቱ ይሰበክ ነበር፣ በደንብም ይሰበክ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ስሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቀስ በቀስ «ፍቅሩ ለነዚህ ነው፣ እኔ ተመልካች ነኝ» ማለት ጀመርኩ። ያዕቆብ 2 ላይ የወርቅ ቀለበት ያደረገው ሰው መልካም ስፍራ ይሰጠዋል፣ ድሀው ደግሞ «ወዲያ ቁም» ይባላል። እኔን ወዲያ ቁም ያለኝ የለም፤ የት እንደቆምኩም ያየ የለም።

አሁን ያለሁበት ቦታ ትንሽ ነው፣ መዝሙሩም እንደዚያኛው አያምርም። የመጀመሪያ ቀን ልወጣ ስል አንድ ሰውዬ «ወንድም፣ ይቺን ጠረጴዛ በዚያ በኩል ያዝልኝ» አለኝ። ያዝኩለት። ስሜን ጠየቀኝ። በሚቀጥለው ሳምንት በስሜ ጠራኝ። በቃ ቀረሁ። @የኋላ_ወንበር፣ ምናልባት ሳታውቀው ለአንድ ሰው እንደዚያ ሰውዬ ሆነህ ይሆናል።

የልጆች_አያት
አይ ልጄ። ብዙ ሰው እንዲህ ሆኖ ነው የሚጠፋው፣ እኛ ደግሞ «ከእምነት ወጣ» እንላለን።

ከማይኩ_ኋላ
እኔ ዘማሪ ነኝ፣ ስለዚህ ከመድረክ በኩል ያለውን ልንገራችሁ። ሰው እንባውን ሲያፈስ እኔ አብዛኛውን ጊዜ የማስበው «ቀጣዩ አዝማች ስንት ጊዜ ነው? ማይኩ ለምን ያፏጫል? ቁልፉ ከፍ ብሏል» ነው። 😅 ሲያልቅ ሰው መጥቶ «ዛሬ መንፈስ እንዴት ነበር!» ይለኛል። እኔ ያን ቀን ላቤን ነው የማስታውሰው።

ሙዚቃ ደግሞ በራሱ ኃይል አለው። ዝግ ብሎ ተጀምሮ፣ አዝማቹ ተደጋግሞ፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ገብቶ፣ ድምፁ ሲነሣ የማንም ሰው አካል ይነቃነቃል። ይሄ የፈጠረን የሰጠን ነገር ነው፣ ሐሰት አይደለም፣ አልንቀውም። ግን ያ መነቃነቅ የእግዚአብሔር ፍቅር መለኪያ ከሆነ ዜማ የማይነካቸው ሰዎች ሁሉ ያልተወደዱ ሊሆኑ ነው። መስማት የተሳናቸውስ?

የሚረዳህ ከሆነ አንድ ነገር ሞክር፦ የመዝሙሮቹን ግጥም ቀደም ብለህ ቤትህ አንብባቸው፣ እንደ ጸሎት፣ ያለ ዜማ። አንዳንዱ ግጥም ብቻውን ሲነበብ ባዶ ነው (አዎ፣ አልኩት)። አንዳንዱ ደግሞ ዜማው ሸፍኖት የኖረ ወርቅ ነው። እኔ ራሴ እንዲህ አንብቤ ነው አንዳንዶቹን መዝሙሮች ያወቅኳቸው፣ ለዓመታት ስዘምራቸው ኖሬ።

ጥያቄ_ብቻ
@የኋላ_ወንበር አንድ ልጠይቅህ፣ ሌሎቹ ያለፉት ነገር ነው። ይሄ ባዶነት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው ወይስ ሌላም ቦታ አለ? እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጓደኛ፣ ድሮ ደስ የሚልህ ነገር አሁን ደስ ይልሃል? ሁሉም ነገር ደንዝዞብህ ከሆነ ጉዳዩ መንፈሳዊ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ሐኪም ማየት ጥሩ ነው። ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ሞትን ሲለምን መልአኩ መጀመሪያ ያደረገው ቀስቅሶ ማብላት ነው፤ ተግሣጽ አልሰጠውም። ደግሞም ሁለት ጊዜ ነው ያበላው።

የኋላ_ወንበር
ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ። አይ፣ ሌላው ደህና ነው። ኳስ ላይ እንደ እብድ እጮኻለሁ፣ እንቅልፌም ከሚገባው በላይ ነው። ለዚህ ነው ደግሞ ጥፋተኝነት የሚሰማኝ፣ «ለኳስ የሚጮኸው አፍህ ለጌታ ለምን ይዘጋል» የሚል ስብከት ሰምቼ።

ቆራጥ
ያቺን ስብከት ሁላችንም ሰምተናታል። 😀 እኔም ሰብኬያታለሁ። ግን ለእናትህም እንደ ጎል አትጮህላትም፣ ስለዚህ ያ ንጽጽር ብዙ አያስኬድም።

ፊተኛውን ሐሳቤን ግን አልተውኩትም። ሰው ከሰው ፍቅር ሲያገኝ እግዚአብሔርን ያገኘ እየመሰለው ሊኖር ይችላል። @አዲስ_መጣሁ፣ ያ የጠረጴዛው ሰውዬ አንድ ቀን ቅር ቢያሰኝህ፣ ወይም ወደ ሌላ አገር ቢሄድ፣ እምነትህ አብሮት ይሄዳል? ለዚህ ነው ብቻህን እግዚአብሔር ፊት መቆምን ልመድ የምለው። ቢሰማህም ባይሰማህም።

አዲስ_መጣሁ
@ቆራጥ ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። እስካሁን ያልኩትን ልጨምርበት፦ ያ ሰውዬ አንድ ቀን ቅር አሰኝቶኛል፣ በጣም። ያልቀረሁት መጥቶ ይቅርታ ስለጠየቀኝ ነው። ይቅርታ መጠየቅን ደግሞ ከየት እንደተማረው ጠይቄው ነው ወንጌልን በደንብ ማንበብ የጀመርኩት። ስለዚህ ሰውየው መንገድ ነው የሆነኝ። ያለ እሱ ብቻዬን እዚያ አልደርስም ነበር።

ተራ_ምእመን
ይቅርታ ካነሣን ማቴዎስ 5፥23-24ን ሰው በችኮላ ያነባታል። መባህን በመሠዊያው ላይ ልታቀርብ ስትል ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ካሰብህ መባህን እዚያው ተው፣ ሂድ ታረቅ፣ ከዚያ መጥተህ አቅርብ። አንተ ቂም ከያዝክ አይልም፤ እሱ በአንተ ላይ ካለው ነው የሚለው። ማለትም አምልኮው መሃል ላይ ሆነህ ማሰብ ያለብህ ማንን እንደበደልክ ነው። እና ጌታ ራሱ «አምልኮህን አቋርጠህ ሂድ» ይላል። ግን ደግሞ «መጥተህ አቅርብ» ይላል፤ ታርቀህ ቤትህ ግባ አላለም። @ቆራጥ እዚህ ላይ አንተም እኔም ልክ ነን መሰለኝ።

ከማይኩ_ኋላ
በየሳምንቱ ይሄን ብናደርግ ግማሹ አዳራሽ ዝማሬው ሳያልቅ ውጭ ነው የሚገኘው። የመዘምራን ክፍሉ ደግሞ ሙሉ በሙሉ። 🙈

መጽሐፍ_ወዳጅ
ለ@ቆራጥ ስጋት አንድ የታሪክ ድጋፍ ልስጠው፣ ለፍትሕ ስል። ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንጾኪያ ላይ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ክርስቶስን እዚህ በሐር እያከበራችሁ ውጭ በብርድና በራቁትነት የሚሠቃየውን አትለፉት ብሎ ተናግሯል። ሰው ይሄን ይጠቅስና እዚያ ያቆማል። ግን እሱ ቀጥሎ ለቤተ ክርስቲያን መስጠትን እየከለከልኩ አይደለም፣ ከሱ ጋር፣ ከሱም በፊት የተቸገረውን እርዱ ነው የምለው ይላል። አምልኮውን አላቃለለም።

ለመቀጠል የሚፈልግ ደግሞ ሮሜ 16ን ያንብብ። ስም ዝርዝር ነው ብለን የምንዘለው ምዕራፍ። ከባዱን ትምህርት ሁሉ ከጻፈ በኋላ ጳውሎስ ሰላምታ ሲልክ ይውላል፣ ከሃያ በላይ ሰው በስም እየጠራ። ቁጥር 13 ላይ የሩፎስን እናት «ለእኔም እናት» ብሎ ይጠራታል። ምን አድርጋለት እንደሆነ አልጻፈም።

የኋላ_ወንበር
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ @ቆራጥንም ጭምር። ግጥሞቹን ቀድሜ አነባለሁ። ዝማሬው ላይም እቆማለሁ፣ ካልሰማኝ ለማስመሰል እጄን አላነሣም፣ አልወጣምም። ከጎኔ ላለው ሰው እየዘመርኩለት ሊሆን ይችላል፣ እማማ እንዳሉት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ዮስጢኖስ ላልመጡት ይወሰድላቸው ነበር ያለው ነገር አልለቀኝም። እኛ ጋ ወንበር ስደረድር ባዶ የሚቀሩ አሉ፣ ማን ማን እንደነበሩም አውቃለሁ። አንዳንዶቹ በስልክ ስርጭቱን ይከታተላሉ ይባላል። እኔ ዲያቆን አይደለሁም፣ ሰባኪም አይደለሁም። ዝም ብዬ ቤታቸው ብሄድ ነውር ይሆናል?

የልጆች_አያት
ነውር የለበትም፣ ግን ዝም ብለህ አትሂድ። መጀመሪያ ደውል። አገልጋዮቹን ንገራቸው፣ የሚያውቁት ነገር ሊኖር ይችላል፣ ታርቆ ያልወጣም ሰው ይኖራል። ሰው አስከትል፣ በተለይ ብቻዋን የምትኖር ሴት ጋ ከሆነ። «ለምን ቀረህ» ብለህ አትጀምር፣ ፍርድ ቤት የቀረበ ይመስለዋል። የታመመ ጋ ብዙ አትቀመጥ። ጸልዩልኝ ካለህ እዚያው ጸልይ፣ አጭር ይሁን፤ ቤቴ ሄጄ እጸልያለሁ ብለህ አትውጣ፣ ትረሳዋለህ።